ከመጽሐፉ ቀድሞ የሚደርስ ፊልም

አዲስ አበባ ውስጥ የመጽሐፍ ምረቃ ሲቃረብ በቴሌግራም የሚለቀቁትን የአንድና የሁለት ደቂቃ ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። ምረቃው ወመዘክር አዳራሽ ይሁን ብሔራዊ ቴአትር፣ ታዳሚው ወንበር ሳይዝ የመጽሐፉ ድምፅ ጆሮው ገብቷል።

ጥሩው ፊልም ታሪኩን ዘርዝሮ አይጨርሰውም፤ አንድ አንቀጽ መርጦ ያንኑ በወጉ ያስነብባል። አንዱ ላይ ካሜራው ከደራሲዋ እጅ አልተነቀለም። በረቂቁ ኅዳግ በእርሳስ የተሰረዘ ስም፣ ከበላዩ ሌላ ስም፣ እሱም ተሰርዞ ሦስተኛ ይታያል። ገጸ ባሕሪዋ ስሟን እስክታገኝ ምን ያህል እንደተለፋባት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። መጽሐፉን የገዛሁትም ለዚያ ስም ብዬ ነው።

ያም ሆኖ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ይበልጣል ባይ ነኝ። የመኪና ጥሩምባ ሳይጀምር በማለዳ ተነስተው፣ ማሚቶውን እንዲውጥላቸው ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚቀርጹ ወጣቶች ክብር ይገባቸዋል። የቆመ መሠረትም አላቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው።

ሌላው ደስ የሚለኝ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ እንደሚያይ አስበው ንባቡን ከምስሉ ግርጌ በጉልህ ፊደል መጻፋቸው ነው። የመጽሐፉ ዋጋና የሚሸጥበት መደብር መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቢታይ ይበቃል።