አዋሽ ጣቢያ፤ ባቡር ያድርበት የነበረው ቤት

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት የሥራ ፈቃድ ነው። ከዚያም ሥራው በ1890 ከጂቡቲ መጀመሩ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ መድረሱ፣ ኩባንያው መክሰሩ፣ በ1900 ሌላ ውል መደረጉ፣ በመጨረሻም ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ መግባቱ በተራ ይነገራል። ትረካው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የውል ታሪክ ነው። ጣቢያዎቹ በካርታ ላይ እንደ ተነቀሱ ነጥቦች ሆነው ቀርተዋል።

ከነዚህ አንዱ አዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንዙ ቆርጦ ከሚያልፍበት ጥልቅ ገደል አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። በ1922 ተመርቆ፣ ኋላም በፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እንደ ቆመለት እንደ አዲስ አበባው ለገሃር ለዐይን የሚያስደንቅ ሕንፃ አይደለም። የሥነ ሕንፃ ተመልካች ብቻ የሆነ ሰው አይቶት ያልፋል።

ቤቱን የወለደው የባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ነው። በቀድሞው ዘመን ከጂቡቲ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነበር። ባቡሩ በጨለማ ስለማይጓዝ አንደኛው ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በአዋሽ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ከሐዲዱ አጠገብ «ቡፌ ዳዋሽ» የተባለው ማረፊያ ተሠራ። የእንግዳ ክፍሎቹ በረንዳ ያላቸው ናቸው፤ ይህም ለቆላው ሙቀት የተገባ አሠራር ነው። ጣቢያውና ማረፊያው ሁለት ቤቶች ቢመስሉም አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ማረፊያ የሚናገሩት በይበልጥ የውጭ አገር መንገደኞች ናቸው። የሚያነሡትም እራቱን፣ አልጋውንና የበረንዳውን ነፋስ ነው፤ ከበረንዳው ወዲያ ያለው አገር «ምድረ በዳ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ላይ ዝም ማለት አይገባም። ያ አገር የአፋርና የከረዩ ከብት አርቢዎች አገር ነው፤ የአዋሽም ዳርቻ ለበጋ ግጦሽ እጅግ አስፈላጊ ነው። በምድረ በዳነት የተጻፈውን መሬት ቆርሶ መውሰድ ቀላል ስለሆነ፣ ቃሉ የመንገደኛ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1958 በአካባቢው የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ የከረዩን ግጦሽ ማጥበቡ ከዚህ አስተያየት ተለይቶ አይታይም።

ሁለተኛው ጉድለት በባቡሩ ውስጥ ያለ ነው። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕርግ ነበረው፤ የቡፌው አልጋ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚበቃ ነበር። የሦስተኛው ማዕርግ ሰው ሌሊት የቤቱን ታሪክ ከሚጽፉት እጅ አልገባም። ይሁን እንጂ ጣቢያውን ከተማ ያደረገው እርሱና ለእርሱ ወተት፣ እንጀራና ሻይ ይዞ የወጣው ሕዝብ ነው። ቋንቋውም ይህን ይመሰክራል፤ «ባቡር» በዐረብኛ በኩል የመጣ የአውሮፓውያን የእንፋሎት ስም ነው፣ «ለገሃር»ም የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በተራው ሰው አፍ አማርኛ ሆነዋል። ከተማዪቱም አዋሽ ሰባት ኪሎ ትባላለች፤ መጠሪያዋ ቁጥር የሆነ አገር ሌላ ብዙ አይገኝም።

ኋላ ሊቶሪናና የናፍጣ ባቡር መንገዱን ሲያሳጥሩት አዳሪው ቀነሰ፣ ቤቱም የተሠራበትን ምክንያት አጣ። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ሰፊ ሐዲድ ያለው ስለሆነ፣ በአሮጌው የአንድ ሜትር ሐዲድ ሊሄድ አይችልም።

ሕንፃውን የሚያድስ ሰው በረንዳውን ቀብቶ፣ አበባውን አጠጥቶ ቢተወው የመንገደኞቹን መጽሐፍ በኖራ እንደ መጻፍ ይሆናል። ጥር 6 ቀን 1977 በዚሁ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ የቡፌውን ውበት የሚያነሡ ጽሑፎች ይህን ከነጭራሹ አያስታውሱም። የቤቱ ንድፍ ሲነሣ የገበያው ቦታ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድና ሦስተኛው ማዕርግ ይወርድበት የነበረው ስፍራ አብረው ሊነሡ ይገባል፤ በዚያ መሥመር የሠሩትና የነገዱት ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም ቃላቸው በሕይወት ሳሉ፣ አፋርኛውም ኦሮምኛውም በየቋንቋው መመዝገብ አለበት።