ክሽክሽ የሌለባት ጽጌረዳ

ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ አንዲት ጽጌረዳ «መልካም ቀን» ትላችኋለች። ቀይ ናት፣ ውሃ ተረጭቶባታል፣ ከኋላዋ ጥቁር ነው። ማክሰኞም ትመጣለች፣ ረቡዕም ትመጣለች። የማን ግቢ እንደበቀለች የሚያውቅ ግን የለም።

ነገሩ ድሮም ነበረብን። ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብቶ ከፕላስቲክ አበባ ጎን ሳይነሳ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ነው? ያኔ ግን ፕላስቲኩ ፕላስቲክ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አሁን እውነተኛዋን ጽጌረዳ ፕላስቲክ ማስመሰል ይዘናል።

ጓሮው ጽጌረዳ ያለው ሰው እንዲህ ያለች አበባ አይቶ አያውቅም። እምቡጧ ሥር አረንጓዴ ክሽክሽ ይደረደራል። ጉንዳኑ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ይመላለሳል። ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣቧ ጥቁር የሆነች ጢንዚዛ ደግሞ ክሽክሹን ልትበላ ትመጣለች። አንዲት እምቡጥ ላይ ገበያ ቆሟል ማለት ነው! ፎቶ አንሺዎቻችን ግን መጀመሪያ የሚያደርጉት እፍ ብሎ ማራገፍ ነው። «ያበላሸዋል» ይላሉ። ምኑን?

አበባ ላኪው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከአፍሪካ በሚገባ ጽጌረዳ ላይ ስለ አንዲት የእሳት እራት ቁጥጥሩን አጥብቋል፤ ትሏ ከተገኘች ጭነቱ አይገባም። ላኪው ትል የሚፈራው ለእንጀራው ነው። እኛ የጓሯችንን አበባ በኤርፖርት መርማሪ ዓይን የምናየው ለምንድን ነው?

የነገሩ ዋጋ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከዶሮ ማነቂያ የተነሳ አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ እናቱ በዘይት ቆርቆሮ የተከሏትን ጽጌረዳ አሳየኝ። ከሃያ የማያንስ ፎቶ አንስቷታል። በሁሉም ላይ አበባዋ ጥርት ብላለች፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ክሽክሽ የሚባል ነገር የለም። እሱ ግን አበባዋን አያይም።

«ይቺ ቡናማዋ በራችን ትመስለኛለች» አለኝ በጣቱ እያሰፋ። «ይሄ ነጭ ነገር ደግሞ የእማዬ ነጠላ ይሆን እንዴ?»

አንዷን ፎቶ «ተበላሽታለች» ብሎ ሊያጠፋት ነበር። ንብ ሲያሳድድ እጁ ተንቀጥቅጦ፣ አበባዋ ከዳር ቀርታለች። ንቧም አምልጣለች። በምትካቸው በሩ፣ የልብስ ማስጫው ገመድና ውሃ በጣሳ የያዙት እናቱ ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። አሳጥቦ አዲሱ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀለው እሷን ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ጽጌረዳ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ አደራችሁን፤ ከነክሽክሿ፣ ከነግቢዋ ላኩልኝ።