ጥሩር ለባሹ ቦሪያሎፔልታ

በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ ሮያል ቲሬል ሙዚየም ውስጥ ያለው ቦሪያሎፔልታ የአጥንት ክምር አይደለም፤ ከነቆዳው፣ ከነጥሩሩ ድንጋይ የሆነ ዳይኖሰር ነው። 110 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የተረፈው የፊት ግማሽ አካሉ ብቻ ቢሆንም ይበቃል።

ጥሩሩ ከቆዳው ውስጥ የበቀሉ፣ በረድፍ የተደረደሩ የአጥንት ሰሌዳዎች ናቸው። በላያቸው የበሬ ቀንድን ልባስ የመሰለ ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል፣ እዚህ ግን አለ። ከትከሻዎቹ ረጃጅም እሾሆች ወጥተዋል። የእሱ ወገኖች ግን ጥሩር ለባሹ ዘመዳቸው አንኪሎሳውረስ ያለው ዓይነት የጅራት ዱላ የላቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። በቆዳው ላይ የቀረው ኬሚካላዊ አሻራ ጀርባው ቀይ ቡናማ፣ ጎኑና ሆዱ ፈካ ያለ እንደነበር ይጠቁማል፤ ከእይታ የሚሰውር ቀለም ማለት ነው። ከ1 ቶን በላይ የሚመዝን ጥሩር ለባሽ መደበቅ ካስፈለገው፣ የዚያን ዘመን አዳኝ አያድርስ ነው!

የመጨረሻ ምግቡም ሆዱ ውስጥ ተገኝቷል፦ በአብዛኛው የፈርን ቅጠል፣ ከምግብ መፍጫ ጠጠሮች ጋር። ጥቂት ከሰልም አለበት፤ ሰደድ እሳት ካለፈ በኋላ የበቀለውን ለጋ ቅጠል እየመረጠ ሳይግጥ አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ያገኘው የማዕድን ማውጫ ማሽን ኦፕሬተር ነው። ከዓለቱ ፈልቅቆ ያወጣው ማርክ ሚቸል 7,000 ሰዓት ያህል ስለደከመበት የዝርያው ሙሉ ስም ቦሪያሎፔልታ ማርክሚቸሊ ተባለ። ሲያንሰው ነው።