ተራራውን የሚነቀንቁ ክንዶች

በቲቤት ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የካይላሽ ተራራ 6,638 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለሂንዱ አማንያን የሺቫ አምላክ መኖሪያ ነው፤ ለቲቤት ቡድሂስቶች የዴምቾክ መንበር ነው፤ ጄይኖች ደግሞ የመጀመሪያው መምህራቸው ሪሻባ ነፃነትን ያገኘበት ሥፍራ ነው ይላሉ። ተሳላሚው ወደ ጫፉ አይወጣም። 52 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዙሪያውን በእግሩ ይዞራል፤ ሂንዱውና ቡድሂስቱ ተራራውን በቀኛቸው፣ የጥንቱ የቦን እምነት ተከታይ ግን በግራው አድርጎ። ጫፉን የረገጠ ሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንዲህ ያለው ተራራ ለኪነ ጥበብ ሰው ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። ማንም ያልደረሰበትን ቦታ በምን ቅርጽ ያሳያል? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል ሚዛን የሚደፋው በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ በኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ነው። ያሠራው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የራሽትራኩታው ቀዳማዊ ክሪሽና እንደሆነ ይነገራል። ጠራቢዎቹ ከአለቱ አናት ተነሥተው ወደ ታች እየፈለፈሉ ሲወርዱ ከ150,000 ቶን የማያንስ ድንጋይ እንዳወጡ ይገመታል። ሲፈጸምም በነጭ ልስን ተሸፍኖ ነበር፤ በረዶ የለበሰውን ካይላሽ እንዲመስል።

ላሊበላን ያየ አንባቢ የሥራውን ዘዴ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነውና። ይሁንና አንዱን በሌላው ስም መጥራት የችኩል ጎብኚ ፍርድ ነው። የላሊበላው ጠራቢ ከአለቱ ቤት አወጣ፤ የኤሎራው ጠራቢ ግን ከተራራ ውስጥ ሌላ ተራራ አወጣ።

የዚህ ቤተ መቅደስ ታላቅነት ግን በግዝፈቱ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ከደቡባዊው ገጽ ግርጌ የተቀረጸ አንድ ትዕይንት አለ። ታሪኩ በራማያና የመጨረሻ መጽሐፍ ይገኛል። አሥር ራስና ሃያ ክንድ ያለው የላንካ ንጉሥ ራቫና በሚበረው ሠረገላው ሲጓዝ ካይላሽ ዘንድ ሲደርስ ሠረገላው ይቆምበታል። ማለፍ እንደማይችል በተነገረው ጊዜ ይቆጣና ተራራውን ከሥሩ ሊነቅለው ይነሣል። ሺቫ በእግሩ ጣት ብቻ ተራራውን ይጫነዋል፤ ራቫና ከሥር ይቀረቀራል። ሺህ ዓመት ውዳሴ ሲያዜም ኖሮ በመጨረሻ ይፈታል፤ ሰይፍም ይሸለማል።

ከዚህ ሁሉ ቀራፂው የትኛውን ቅጽበት መረጠ? ቅጣቱን አይደለም፤ ምሕረቱንም አይደለም፤ መነቅነቁን ነው። ከላይ ሺቫ ተቀምጧል፤ መረጋጋቱ አልታወከም። ባለቤቱ ፓርቫቲ ደንግጣ ክንዱን ጨብጣለች፤ ከእርስዋ ወዲያ አንዲት አገልጋይ እየሸሸች ትሮጣለች። ከታች፣ ድንጋዩ በጥልቀት ተቦርቡሮ ዋሻ በሆነበት ጥላ ውስጥ፣ ራቫና ክንዶቹን በዙሪያው ዘርግቶ ይገፋል። ድንጋይ ሲንቀጠቀጥ በድንጋይ ማሳየት አይቻልም፤ ስለዚህ ቀራፂው መንቀጥቀጡን በሴቲቱ ጣቶችና በአገልጋይዋ ሩጫ አሳየው። ለአንድ አደጋ ሦስት ሰውነት ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እናያለን። የተውኔት ሰዎች ስለ ግጭት ብዙ ገጽ ከማንበባቸው በፊት ይህን ግድግዳ ቢመለከቱ ይጠቀማሉ።

ማነጻጸሪያ የሚሻ ወደ ካምቦዲያ ይሻገር። እ.ኤ.አ. በ967 በተመረቀው በባንቴይ ስሬይ ቤተ መቅደስ ይኸው ታሪክ በቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። እዚያ ተራራው ባለ ደረጃ ፒራሚድ ነው፤ በየደረጃው ባሕታውያንና የእንስሳ ራስ ያላቸው አገልጋዮች ተሰልፈዋል፤ ከግርጌ አራዊት ይሸሻሉ። ውብ ነው፤ እጅ የሚያስከድን ጥንቃቄም አለው። ነገር ግን ደረጃው ሁሉንም በየቦታው ስላስቀመጠ የሚፈርስ ነገር ያለ አይመስልም። ራቫናም ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ቀርቷል። በኤሎራ ግን ተራራው በእርግጥ ሊነቀል ይችላል ብለን ለአፍታ እናምናለን።

የተለመደው ትርጓሜ ትዕይንቱን የትዕቢት መቀጣጫ ያደርገዋል። ታሪኩን በተመለከተ ስሕተት የለበትም፤ ሥራውን በተመለከተ ግን ከዓይን የራቀ ነው። ለማስተማር ብቻ የተነሣ ቀራፂ የተሸነፈ ራቫና ይቀርጽልን ነበር። ይህኛው ራቫና ገና አልተሸነፈም። እስረኛው በዜማ ተፈታ መባሉ ለገጣሚ የሚጥም ነገር ነው፤ እኔም አልጠላሁትም፤ ሆኖም ቀራፂው ያንን ትቶ ጉልበቱን መረጠ። ምናልባት ከአለት ጋር መታገል ምን እንደሆነ ያውቅ ስለነበር ይሆናል። የንጉሡ ስም ደርሶናል፤ የእርሱና የጓደኞቹ ስም ግን አልደረሰንም።

ወደ እውነተኛው ካይላሽ የሚወስደው መንገድ ለሁሉም፣ ሁልጊዜም ክፍት አልነበረም። ለሕንድ ተሳላሚዎች ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ተከፈተ፤ በ2020 በወረርሽኙ ሳቢያ ዳግም ተቋርጦ በ2025 ቀጠለ። በኤሎራ የቆመው ተራራ ግን በሜዳው ሰው እግር ሥር ነው። ደጁ ወደ ምዕራብ ነው። እንደ ልማዱ በቀኙ አድርጎት የሚዞር ሰው ሰሜኑንና ምሥራቁን አልፎ ወደ ደቡቡ ገጽ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ራቫናም እዚያ፣ ከጥላው ውስጥ፣ ይገፋል።