ኦገስታ የማን ሥራ ነው?

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ማስተርስ የሚባለው የጎልፍ ውድድር ሲመጣ አንድ ስም ደጋግሞ ይነሳል፤ አሊስተር ማኬንዚ። ጆርጂያ ያለውን የኦገስታ ናሽናል ሜዳ ከዝነኛው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው እሱ ነው። ጎልፍ ባታዩም ታሪኩ ይመለከታችኋል ባይ ነኝ። አንድ ሥራ ስንት ጊዜ ሲታረም ነው የሠሪው መሆኑ የሚያበቃው?

ማኬንዚ ሐኪም ነበር። በቦር ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ የቦር ተዋጊዎች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር አመሳስለው ከጠላት ዓይን ሲሰውሩ አየ። ያንን ብልሃት ወደ ጎልፍ አመጣው፦ ሰው የቆለለው ጉብታ ተፈጥሮ የሠራችው መምሰል አለበት። ተዋጊው ራሱን ይደብቃል፤ ማኬንዚ ደግሞ የሠሪውን እጅ ደበቀ።

ሌላው ትምህርት ቤቱ ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ነው። ያንን ሜዳ ማንም ቁጭ ብሎ በወረቀት አልነደፈውም። ነፋስ፣ በግና የተጫዋች እግር ለዘመናት ሠሩት፤ እንደ ኦልድ ቶም ሞሪስ ያሉ ሰዎች ደግሞ አስተካከሉት። ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ከዘረዘራቸው መርሆች አንዱ፣ ጀማሪውም ቢሆን በጨዋታው መደሰት አለበት የሚል ነው። ጎበዙ ደፍሮ በአጭሩ ይሂድ፤ ደካማው ዞሮ ይድረስ።

ኦገስታ ሲከፈት ይህንኑ ይመስል ነበር። ሰፊ ነው፤ የአሸዋ ወጥመዶቹም 22 ብቻ ነበሩ። ማኬንዚ ግን ሜዳውን ሣር ለብሶ አላየውም። የመጀመሪያው ውድድር ሊካሄድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 1934፣ የተስማማበትን ክፍያ እንኳ ሙሉውን ሳይቀበል ሞተ።

ከዚያ እርማቱ ቀጠለ። በ1937 ፔሪ ማክስዌል፣ በ1947 ሮበርት ትሬንት ጆንስ፣ በኋላም ሌሎች ነካኩት። ወጥመዶቹ ከ40 በላይ ሆኑ፤ ከ6,700 ያርድ ገደማ የነበረው ርዝመትም ከ7,500 አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ማርዘሙን እረዳለሁ። ኳሱም ዱላውም ተለውጧል፤ የዛሬ ተጫዋች በአንድ ምት ከ300 ያርድ በላይ ይልካል። የማልቀበለው ማጥበቡን ነው። ዛፍ ሲጨመርና ዳር ዳሩ ላይ ሣር ሲረዝም፣ "በየት ልሂድ?" የሚለው ምርጫ ይጠፋል። ምርጫው ከጠፋ ደግሞ የማኬንዚ ሐሳብ የለም፤ የቀረው ከባድ ሜዳ ነው በቃ።

የሁሉም ደስታ የሚለውም ቢሆን ከአጥሩ አላለፈም። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ ሴቶችን ደግሞ በ2012 ነው።

10ኛው ጉድጓድ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። መሀል ሜዳ ላይ የተንጣለለ፣ ዳር ዳሩ የተቆራረጠ ትልቅ የአሸዋ ወጥመድ። ማኬንዚ የሠራው ግሪኑን እንዲጠብቅ ነበር። ማክስዌል ግሪኑን ወደ ኋላ ወሰደው፣ ወጥመዱ ግን እዚያው ቀረ። አሁን የጎበዞቹ ኳስ ብዙም አይገባበትም፤ ለጨዋታው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማስተርስን ስታዩ እሱን ፈልጉት። ሰውየው ሜዳው ላይ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው።