ስድስት ኤሌክትሮን፣ አንድ በአንድ

በአተር ቅጠል ውስጥ ያለ አንድ ክሎሮፕላስት ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እምብዛም አይበልጥም። ብርሃን አስተፃምሮ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስኳርን ነው፤ ስኳሩ ዝናውን ጠቅልሎ ወስዷል። ከአፈር የመጣው ናይትሮጅን አሚኖ አሲድ ውስጥ የሚገባውም ግን እዚያው ነው።

ናይትሬት ገና ከክሎሮፕላስቱ ደጅ ሳለ፣ ሞሊብደነም የያዘ ኢንዛይም ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ናይትራይት ያደርገዋል። የቀረው የውስጥ ሥራ ነው። ናይትራይት አሞኒየም ለመሆን ስድስት ኤሌክትሮን ይፈልጋል። አቀባዩ ፌረዶክሲን ነው፤ ሁለት የብረትና ሁለት የድኝ አቶም ያቀፈ ትንሽ ፕሮቲን። በአንድ ጊዜ የሚሸከመው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ብርሃን ያስነሣውን ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ያደርሳል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ። ተቀባዩ ክሎሮፕላስቱ ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ስድስቱ እስኪሞሉ ናይትሮጅኑን አይለቅም። ግማሽ የተሠራ ነገር ከእጁ አይወጣም።

እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ የናይትራይቱ ማረፊያ ነው። የሚያርፈው በዚህ ኢንዛይም ውስጥ፣ በአንድ ቀለበት መሐል በተቀመጠ ብረት ላይ ነው። ብረቱን አራት ናይትሮጅኖች ከብበው ይዘውታል። ክሎሮፊልም የዚሁ ቀለበት ዘመድ ነው፤ የእሱ አራት ናይትሮጅኖች የያዙት ግን ማግኒዚየም ነው። ሁለቱም ቀለበቶች መነሻቸው ግሉታሜት የተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ ብዙ ደረጃ አብረው ተሠርተው ኋላ ይለያያሉ። አንዱ ብርሃን ይቀበላል። ሌላው በብርሃን የተገኘውን ኤሌክትሮን ለናይትሮጅን ያስረክባል።

አሞኒየም ሲከማች ይጎዳል፤ ስለዚህ አይቆይም። አንድ የኃይል ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ተከፍሎበት ከግሉታሜት ጋር ይያያዝና ግሉታሚን ይሆናል። ቀጥሎ ሌላ ኢንዛይም ከፌረዶክሲን ሁለት ኤሌክትሮን ወስዶ ያንን ናይትሮጅን ኦክሶግሉታሬት ለተባለ የካርቦን አጽም ይሰጣል። ሁለት ግሉታሜት ይወጣል። አንዱ ዙሩን ለመቀጠል ይመለሳል፤ ሌላው ትርፍ ነው። ይህን መንገድ በአተር ክሎሮፕላስት ውስጥ ያሳዩት ፒተር ሊ እና ቤን ሚፍሊን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1974።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ አንዳንዴ በምትኩ ኦክስጅን ይይዛል። ያ ሲታረም ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አሞኒያ ይለቀቃል፤ መጠኑም ከአፈር ከሚመጣው ናይትሮጅን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መልሶ የሚሰበስበው ያው ግሉታሚን ሠሪው የክሎሮፕላስት ኢንዛይም ነው። በዘር ለውጥ ይህ ኢንዛይም የጎደላቸው የገብስ ተክሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ደኅና ያድጋሉ፤ በተራው አየር ግን ቅጠላቸው ይጎዳል።