ውሎና አዳር በሰራፊን

ስለ ባሕር የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኞቹ የማዕበል መጻሕፍት ናቸው። ምሰሶ ይሰበራል፣ ሸራ ይተረተራል፣ ሰው ይሰጥማል ወይም ለጥቂት ይተርፋል፤ አንባቢም መጽሐፉን ካጠፈ በኋላ የሚያስታውሰው ያችን አንዲት ሌሊት ነው። የሊንና የላሪ ፓርዲ መጻሕፍት ከዚህ ወገን አይመደቡም። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የመጀመሪያ ሥራቸው ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ የሜክሲኮንና የመካከለኛው አሜሪካን ዳርቻ እየታከከ ይወርዳል፤ በፓናማ ቦይ አቋርጦ፣ ኋላም አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ ይደርሳል። ይህ ሁሉ መንገድ ተነብቦ ሲያበቃ በልብ የሚቀረው ግን ርቀቱ ሳይሆን የላምባ ፋኖሱ፣ የዳቦው ሊጥ፣ በእጅ የሚጣፈው ሸራ፣ ማለዳ የሚነሣው መልህቅ ነው። በአንድ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ሰባት ሜትር ተኩል በማትሞላ ጀልባ ላይ ተጭኗል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ላሪ ካናዳዊ፣ ሊን አሜሪካዊት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ተገናኙ። ላይል ሄስ በነደፈው ንድፍ መሠረት 24 ጫማ ከ4 ኢንች የምትረዝመውን ሰራፊንን በገዛ እጃቸው ሠርተው በ1968 ውኃ ላይ አዋሏት፤ በተከታዩ ዓመት ጉዞ ጀመሩ። ሞተር አልነበራትም። በየደረሱበት የሌሎችን ጀልባ እየጠገኑ፣ ጀልባ ከወደብ ወደብ እያደረሱ፣ ለመጽሔት እየጻፉ ኑሯቸውን ገፉ። ዓለምን ዞረው እስኪመለሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ አራት የጉዞ መጻሕፍትም ከዚህችው ጀልባ ወጡ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ርዕስ ራሱ ለአማርኛ ተርጓሚ ፈተና ነው። «ክሩዚንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ጉዞ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ጉዞ መድረሻ አለው። በአማርኛ ሰው የሚጓዘው ለንግሥ፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለስደት ነውና ያሰበበት ያልደረሰ መንገደኛ መንገዱ እንደተሰናከለበት ይቆጠራል። «ሽርሽር» ቢባል ነገሩ የባለጸጋ መዝናኛ ይመስላል፤ «ዙረት» ቢባል ደግሞ ስድብ ይሆናል። ለመጽሐፉ መንፈስ የሚቀርበው «ውሎና አዳር» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት ዋላችሁ፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ሲጠይቅ ትልቅ ወሬ ፈልጎ አይደለም። ሊን ፓርዲ የምትመልሰውም ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ነፋሱ ከየት ነበር፣ መልህቁ ያዘ ወይስ ተጎተተ፣ ከገበያ ምን ተገኘ፣ ምን ተሰበረ፣ ማን ጠገነው።

የሞተር አለመኖር የጀልባዋ ጠባይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የትረካውም ጠባይ ሆኗል። ሞተር ያለው ሰው ነፋስ ሲሞት ቁልፍ ያዞራል፣ ጸሐፊውም ያን ሰዓት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘለዋል። ሰራፊን ላይ ነፋስ ሲሞት ወይ ረጅሙን መቅዘፊያ ማንሣት ነው፣ ወይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በዚህም የተነሣ መጠበቅ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ድርጊት ሆኖ ይገባል። የባሕሩ ሞገድ ወደ ወደቡ አፍ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የባሕር ንፋስ ይጠበቃል፤ በዳርቻ አጠገብ የሚዋል ሰው ደግሞ ከጥልቁ ባሕር ይልቅ ዐለቱንና አሸዋውን መፍራት ስላለበት ጥበቃው እንቅልፍ የለውም። የሊን ቋንቋ ጌጥ የለውም፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ አትወድም። ቢሆንም ይህ መቸኮል የሌለበት አካሄድ ከብዙ ያጌጠ የባሕር ትረካ የበለጠ ባሕሩን ያሳያል። ለመሆኑ ባሕር ላይ ከሚያልፈው ጊዜ ውስጥ ማዕበሉ ስንት እጁ ነው?

ከሁሉም ጥበቧ የሚጎላው ግን ጓዳው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው፣ ስለ ጀልባ ሠራተኞች አመጋገብና አያያዝ የሚናገረው መጽሐፏ ከጃፓን እስከ ካናዳ የፈጀውን የ49 ቀን መንገድ ቀን በቀን፣ ማዕድ በማዕድ ይዘግባል። ላይ ላዩን ሲታይ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው፤ ስለ ዳቦ ጋገራ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ስንቅ ስለ ማቆየት፣ ስለ ዕቃ አደራደር ይመክራል። ቀስ ብሎ ያነበበው ሰው ግን የትዳር መጽሐፍ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ በተሳፈሩባት ጀልባ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል፤ በፈረቃ የሚኖሩ ባልና ሚስት በእርግጥ ፊት ለፊት የሚገናኙት ማዕድ ላይ ነው። ትኩስ ምግብ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ የደከመ ሰው የተሳሳተ ገመድ ይፈታል። ደራሲዋ ይህን አትሰብክም፤ የዕለቱን ምሳ ጽፋ፣ አጠገቡ የዕለቱን ስሜት አስፍራ ታልፋለች። «የጓዳ ወሬ» የሚለው አባባላችን ለማቃለል የተፈጠረ ቢሆንም ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ሲያይ ማፈር ሳይኖርበት አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሁለቱም ስም ተጽፏል፤ ተራኪዋ ግን ሊን ናት። «እኔ» የምትለው እሷ ስትሆን ላሪ «እሱ» ነው። ብዙ አንባቢ፣ በተለይ የጀልባ ሥራ የሚወደው፣ ላሪን የጥበቡ ባለቤት፣ ሊንን ምግብ አብሳይ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፤ እሷ ራሷ ለባሏ የእጅ ሥራ ያላት አድናቆት ለዚህ ይረዳል። ስለዚህም ትረካው ሁለቱን እኩል አድርጎ አያሳይም፤ የአንዲት ሴት ዓይን ያየውን አንድ ወንድ ያሳያል እንጂ። ይህ ጉድለት አይደለም። ችግር የሚሆነው «እኛ» የሚለው ቃል የሁለቱን ልዩነት ሲሸፍን ነው፤ ጠብ ሲነሣ «እኛ» ቶሎ ይመጣና ነገሩ ይበርዳል። አንባቢ እዚያ ላይ ትንሽ ቢቆይ ይወድ ነበር።

የበለጠው ክርክር ከዚህ ይነሣል። የፓርዲዎች ምክር ብዙዎች የሚያውቁት ነው፤ ጀልባው ትንሽ፣ ዕቃው ጥቂት ይሁን፣ መነሻውም አይዘግይ የሚል። መጻሕፍቱ ነፃነትን በሁለት ነገር ይመዝኗታል፤ በገንዘብና በእጅ ሙያ። ወጪህን ቀንስ፣ ራስህ ጠግን፣ በደረስክበት ሠርተህ ብላ። ምክሩ ሐቀኛ ነው፤ ሰዎቹም ኖረውበታል። ሆኖም ሦስተኛ ሚዛን ጎድሏል፤ ፓስፖርት። በደረሱበት ወደብ መልህቅ ጥሎ፣ ወረቀት አስመትቶ፣ ወራት ሰንብቶ መሄድ በ1970ዎቹ ለካናዳዊና ለአሜሪካዊት የሚቻል ነበር። አራተኛው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው፣ ከማልታ ተነሥቶ በስዊዝ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ የዚህ ቀጣና አንባቢ ይህን ጉድለት ይበልጥ ያየዋል። በዚያ ዐሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ጦርነት ላይ ነበር፤ ምጽዋ በ1977 መጨረሻ ተከብባለች፣ በኦጋዴንም ኢትዮጵያና ሶማሊያ ይዋጉ ነበር። ለአንዱ መተላለፊያ የሆነው ውኃ ለሌላው ማምለጫ ነበር። በትንሽ ጀልባ፣ በጥቂት ዕቃ፣ ሳይዘገዩ መነሣት ለብዙ የዚህ አካባቢ ሰው የኑሮ ምርጫ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ማለት ፓርዲዎችን ላልበደሉት መክሰስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያለ ሞተር መጓዝን እነሱ አልፈጠሩትም፤ ፈጠርን ብለውም አይመጻደቁም። አውስትራሊያዊው አለን ቪሊየርስ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ከኩዌት መርከበኞች ጋር በሸራ እስከ ዛንዚባርና ሩፊጂ ተጉዞ የጻፈው መጽሐፍ ለንጽጽር ይጠቅማል። እዚያም የሚነፍሰው ነፋስ ያው ወቅታዊ ነፋስ ነው፤ ዳቦም ይጋገራል፣ ሸራም ይጣፋል። ነገር ግን ጀልባዋ በሰው የታጨቀች ናት፣ ሠራተኛውም የዕዳ ሰው ነው። ቪሊየርስ ዕዳውን ጽፎታል። የቅለት ኑሮና የድህነት ኑሮ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ፋኖሱ ያው ፋኖስ፣ ባልዲው ያው ባልዲ ነው። ልዩነታቸውን የሚያውቀው መተው የሚችለውና የማይችለው ሰው ነው።

ሰዎች ላሪን የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ2002 በሁለተኛዋ ጀልባቸው በታሊሲን፣ ያለ ሞተር፣ ከነፋሱ አንጻር ኬፕ ሆርንን በማለፉ ነው። እሱ በ2020 ዐረፈ። ሊን ግን በ2011 ባወጣችው መጽሐፍ ታሊሲን የተሠራችበትን፣ ከባሕር የራቀውን የካሊፎርኒያ ሸለቆ ተርካለች፤ በርዕሱም ባሏን ጀልባ ሠሪ፣ ራሷን ጸሐፊ ብላ ሰይማለች። በሽፋኖቹ ላይ ተዳብሎ የቆየው ሥራ እዚህ ላይ በየባለቤቱ ተሰጠ።

ከሁሉ አንዱን ወደ አማርኛ እንመልስ ቢባል የ49 ቀኑ መጽሐፍ ይቅደም። ማዕዱ አያስቸግርም፤ ጓዳችን ቃል ሞልቶታል። ከሸራ፣ ከመልህቅና ከምሰሶ ባለፈ ግን ሸራውን ለሚስበውና ለሚያላላው ገመድ ሁሉ መጠሪያ ለማግኘት ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ዘግቶ ጅቡቲ ወይም ምጽዋ መውረድ፣ ከሳምቡክ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ መጠየቅ ሊኖርበት ነው።